በእኔ ድምፅ «አትብዪ» ያላት

ይህ የደረሰው በእኔና በታናሽ እህቴ ላይ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ሆስፒታል፣ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ... አንደኛው አልጋ ባዶ።

እህቴን ቤት ውስጥ ቹቹ ነው የምንላት። ሳቋ ከሷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ልጅ ነበረች። ከዚያ ምግብ ፈራች። አጥንቷ እየተቆጠረ «ወፈርኩ» ትላለች። እኛም «የዕድሜ ነገር ነው፤ ያልፍላታል» ስንል ከረምን።

አንድ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ራሷን ስታ ወደቀች።

ዶክተሯ አልደበቀችንም።

«ይሄ ቅብጠት አይደለም፤ በሽታ ነው። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ይበላል... ልብም ጡንቻ ነው።»

ደግሞ ወደ እኔ ዞራ፣ «አዝነሽ ብዙ እንዳትሰጫት። ለተራበ ሰውነት ድንገተኛ ምግብም አደጋ ነው። ባዘዝነው ልክ፣ በጥቂት በጥቂቱ» አለችኝ።

ያን ቀን ሾርባ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ክንዷ ላይ እንደ አራስ ልጅ ስስ ፀጉር በቅሏል። ጣቶቿ በረዶ ናቸው። የልብ መቆጣጠሪያው ጢት ይላል... ይቆያል... ይቆያል... ጢት።

«አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ የኔ እናት።»

አፏን ከፈተች። ማንኪያው ከንፈሯ ጋ ሲደርስ... ዘጋችው።

«እትዬ... ብዪ ነው አትብዪ?»

«እንዴት?»

«አሁን ‹አትብዪ› አልሽኝ እኮ።»

ትንፍሽ አላልኩም ነበር።

ድካሙ ነው ብዬ ማንኪያውን መልሼ አነሳሁ። ከመጋረጃው ወዲያ ባዶውን አልጋ ስታነጥፍ የነበረችው ነርስ ተቆጥታ መጣች።

«እህት ሆነሽ እንዴት ‹አትብዪ› ትያታለሽ?»

ክው አልኩ።

«ሲስተር... አፌን አልከፈትኩም።»

ያኔ እኔም ሰማሁት።

«አትብዪ...»

የራሴ ድምፅ። ያውም ስስት ያለበት፣ ሕፃን እያለች ሳስተኛት የማወራበት።

የነርሷ ፊት አመድ መሰለ። ቢሆንም የቹቹን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ድምፁን አትስሚው» አለች በሹክሹክታ። «እህትሽ እቺት፤ አፏን እይው፣ ዝም ብላለች። ቀስ ብለሽ...»

ቹቹ ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል፣ እያለቀሰች ዋጠች።

ዛሬ ቹቹ አለችልን። መዳኑ ግን ባንድ ቀን አልመጣም። በልክ የሚጨመር ምግብ፣ የደም ምርመራ፣ ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋር ረጅም ረጅም ንግግር... ወራት ፈጀ። አሁንም አንዳንድ ቀን ትታገላለች።

እኔና ነርሷ ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም።

ምክንያቱም ቹቹ ያቺን ማንኪያ ስትውጥ ሁለታችንም አይተናል። ግርጌዋ ላይ ፍራሹ ጎድጉዶ ኖሯል፤ ልብ አላልነውም።

ጉድጓዱ ቀስ... ብሎ ሞላ። ከባድ ሰው ተቀምጦበት ቆይቶ እንደተነሳ።

ከዚያ የበሩ እጀታ... ማንም ሳይነካው ወደ ታች ወረደ።