ወላጅ ችካል አይነካም

ሮማነወርቅ ጉርሜሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ጅብ ሆና ነው።

ቀልድ አይደለም። በላንጋኖ ዳርቻ፣ ከግራሮቹ ሥር፣ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ፣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸችና እያነከሰች የልጅ መንጋ ታባርራለች። ልጆቹ እየጮኹ ይበተናሉ። አንዱን ልትይዝ ዘወር ስትል አፍንጫዋ ሥር አቧራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ቆመዋል። ቀና አለች። ረዥም፣ ጠይም፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ነው።

«ይቅርታ... ኃላፊዋን ፈልጌ ነበር» አላት፣ ሳቁን ለመዋጥ እየታገለ።

ሻሿን ከአፏ አወጣች። «እኔ ነኝ...»

ዓይኖቹ ደስ ይላሉ። ይህን ያየችው ባጁን ልብ ከማለቷ በፊት ነው። ቀጥላ ግን ከኋላው የቆመውን ነጭ ፒክአፕ አየች፤ ታርጋው የመንግሥት ነው። ክው አለች።

ለምን ክው አለች? ሮማነወርቅ የአዳማ ልጅ ናት። ባሏ ዘካርያስ ከሞተ ወዲህ አስተማሪነቷን ትታ አንድ ልጇን ጉቱን ቤት ውስጥ ታስተምራለች። ጎረቤቱ መጀመሪያ «ኀዘኑ ነክቷት ነው» ብሎ አማት። በኋላ የቢሾፍቱዋን ፎዚያን አገኘች፤ ፎዚያም ሦስቱን ልጆቿን ቤት ነው የምታስተምረው። አንዱ ቤተሰብ ሌላውን እየጠራ በዙ። አሁን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ሌላው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያዛጋ፣ እነሱ ላንጋኖ ወርደው የድንኳን በዓል ያከብራሉ። በዓሉ አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ወላጅ ችካል አይነካም። ቦታ የሚመርጡት፣ ድንኳን የሚተክሉትም የሚነቅሉትም ልጆች ናቸው። ዘመመ፣ ዘመመ። ወደቀ፣ ይስቁበታል።

በዚያ ዓመት ግን ወሬ ሰምተው ነበር፤ «ልጆቹን የት ነው የምታስተምሩት» የሚል ተቆጣጣሪ ከቢሮ ይመጣል ተብሏል። አሁን ደግሞ ባጅና ታርጋ!

«አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አለችና ወደ ፎዚያ ሮጠች። «መጡብን!»

«እነማን?»

«ከቢሮ ነዋ! ልጆቹን አሰልፊ! ትምህርት ቤት እንምሰል!»

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ በጎኑ ቆሞ ሰሌዳ ሆነ። ልጆቹ አሸዋ ላይ በረድፍ ተቀመጡ። ሮማነወርቅ ከማገዶው ክምር አንድ ከሰልና አንድ ልምጭ አነሣች።

«ሁለት ጊዜ ሁለት?»

«አራት!»

«አልሰማሁም!»

«አራት!!»

የፎዚያ ትንሹ ልጅ ግራ ገባው። «እትዬ ሮማን፣ ይሄ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«ዝም በል! እጅ ሳታወጣ አትናገር!» ብላ ጠረጴዛውን በልምጩ ቷ አደረገችው።

ሰውዬው ዳር ቆሞ ያያል። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ከሰመ። በመጨረሻ ጠጋ ብሎ «አመሰግናለሁ። ያለቦታዬ ነው የመጣሁት» አላትና ትከሻውን ጥሎ ሄደ።

«ሸኘነው!» አለች ሮማነወርቅ፣ ልምጩን ከፍ አድርጋ።

«ወላሂ፣ አንቺስ ቲያትር ቤት ነበር የሚያዋጣሽ!» ፎዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ለመሆኑ ያ የመቂው አባት ገባ?»

«የቱ የመቂ አባት?»

«አልነገርኩሽም እንዴ? መስኖ ላይ የሚሠራው። ብቻውን ነው ሴት ልጁን የሚያሳድጋት፤ እናቷ በጨቅላነቷ ነው የሞተችባት። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ጮኸባት መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም። 'እናንተ ዘንድ ጩኸትና ዱላ የለም አይደል?' አለኝ በስልክ። ምን በወጣን አልኩት።»

ሮማነወርቅ እጇ ላይ ያለውን ልምጭ አየችው። ከዚያ ሮጠች።

ከፒክአፑ አጠገብ አንዲት ሰማያዊ ድንኳን ወደ ግራ ዘመም ብላ ቆማለች። ጉቱ ከሰልፉ ጠፍቶ ለካ እዚህ ከእንግዳዋ ልጅ ጋር ድንኳን ሲተክል ነበር! አባትየው ድንኳኑን ሊያነሣ ፈልጎ ልጅቷ ችካሉ ላይ ቁጭ ብላበታለች። ጉልበቷን አቅፋ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ሃዊ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ተነሺ እንሂድ» ይላታል አባቷ በልስላሴ።

«ጋሼ፣ ወላጅ ችካል አይነካም» አለው ጉቱ ኮስተር ብሎ። «ሕግ ነው።»

«እባክዎ አይሂዱ!» ሮማነወርቅ እያለከለከች ደረሰች። «እኔ... ከቢሮ የመጡ ተቆጣጣሪ መስለውኝ ነው!»

«ምን?»

«ባጁ... ታርጋው... ስለዚህ ትምህርት ቤት የሆንን አስመሰልን።»

ሰውዬው እጇ ላይ ወዳለው ልምጭ ጠቆመ። «ዱላውስ?»

«ከማገዶ ውስጥ ያነሣሁት ነው!»

«ጩኸቱስ?»

«ፍርሃት ነዋ! እኔ እንዲያ አላስተምርም። በልጄ እምላለሁ!»

ባጁን ዝቅ ብሎ አየውና ከአንገቱ አወለቀው። «ከሥራ በቀጥታ መጥቼ ነው፤ ረሳሁት።» ከዚያ ያ መጀመሪያ የተዋጠው ሳቅ ተመልሶ መጣ። «እኔ ደግሞ፣ ቅድም ያየኋት ጅብ የት ገባች እያልኩ አዝኜ ነበር የምሄደው።»

የሮማነወርቅ ጉንጭ ጋለ። ልምጩን ሰብራ ጣለችው፤ ሻሿን ነከሰችና እንደገና በአራት እግሯ ሆነች። እያነከሰች ወደ ልጅቷ ተጠጋች። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ...

ሃዊ በጣቶቿ መሐል አየቻት። 

«ጅብ እንደዚህ አያነክስም» አለች፣ በቀጭን ድምፅ። «የኋላ እግሩን ነው የሚጎትተው።»

ጉርሜሳ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሮማነወርቅ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

«ታዲያ አሳዪኛ!» አለቻት ልጅቷን።

በማግሥቱ የላንጋኖ ዳርቻ በሁለት ጅብ ተወረረ።

ጉርሜሳ አልሄደም። ልጆቹ ከሐይቁ ዳር በአሸዋ ላይ ቦይ ሲቀዱ አብሯቸው ቁጢጥ ይላል፤ ውኃው ሲሰበርባቸው «ለምን መሰላችሁ?» እያለ ይጠይቃል እንጂ መልሱን አይነግራቸውም። ሮማነወርቅ ዓሣ እየጠበሰች በዓይኗ ትከተለዋለች።

«እያቃጠልሽው ነው» አለቻት ፎዚያ።

«ማንን?»

«ዓሣውን ነዋ! ሌላ ማንን መሰለሽ?»

በዓሉ ሲያልቅ ጉርሜሳ የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ ሥራ አለኝ። ልጆቹ ቢገናኙ ጥሩ አይመስልሽም?»

ቅዳሜ አዳማ ምንም ሥራ እንዳልነበረው ያወቀችው ቆይታ ነው። በየሳምንቱ ሃዊንና አንድ ሣጥን ቲማቲም ይዞ ይመጣል።

«አዳማ ቲማቲም የለም ያለህ ማነው?»

«የመቂው ይለያል። ቅመሽውና ፍረጂ!»

ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ «ቲማቲሙ» ይሉታል። ሮማነወርቅ ቅዳሜ ጧት ፀጉሯን መሠራት ጀመረች። ጉቱና ሃዊ ሲያወሩ ማቋረጫ የላቸውም፤ ያቺ ቃል አይወጣትም የተባለች ልጅ!

ሚያዝያ ላይ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ጉርሜሳ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሮማን... ሽማግሌ ልላክ?»

ልቧ «አዎ» አለ። ዓይኗ ግን ሳታስበው ወደ በሩ ሄደ። ሽማግሌ ካለ ሠርግ አለ፤ ሠርግ ካለ ድንኳን አለ። የዘካርያስ የለቅሶ ድንኳን የተተከለው እዚያው በር ላይ ነበር። ለሠርግም ለኀዘንም የዕድሩ ድንኳን ያው ነው፤ ሸራውም ያው፣ ምሰሶውም ያው። በዚያ ድንኳን ሥር እንደ ሙሽራ ስትቀመጥ አሰበችው፤ ትንፋሽ አጠራት።

«አልችልም» አለችው። 

እሷ ድንኳኑን ማለቷ ነበር። እሱ የሰማው ራሱን ነው። «ገባኝ» ብሎ ተነሣ፤ የጉቱን ራስ ዳበሰና ልጁን ይዞ ሄደ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሷን ዝምታ ግን ነቀዝ ገባበት። ቲማቲም ራሷ ገዝታ ስትከትፍ ታለቅሳለች፤ ጉቱ ሲያያት በሽንኩርቱ ታሳብባለች። አንድ ቀን ልጁ ሽንኩርት እንዳልነበረ ልብ አለ።

«እማዬ፣ ጋሼ ጉርሜሳን አትወጂውም?»

«በጣም እወደዋለሁ።»

«እና ምን ሆነሽ ነው?»

«ድንኳኑን ነው የፈራሁት፣ የኔ ጌታ» ብላ ስለ አባቱ ለቅሶ ነገረችው።

ጉቱ አሰበ። «እኛ ግን በየዓመቱ ድንኳን ውስጥ ስንስቅ አይደል የምናድረው?»

ግንባሩን ሳመችው። ጉቱም በዚያው ዕለት ስልኳን ይዞ ጓዳ ገባና ከሃዊ ጋር ብዙ አወራ።

ጥቅምት ደረሰ። ጉርሜሳ ላንጋኖ መጣ፤ ሃዊ «ካልሄድን» ብላ አስጨንቃው ነው። ድንኳኖቻቸው በሰፈሩ በሁለት ጫፍ ተተከሉ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ... አንተስ?»

«ደህና።»

ይኸው ነበር ወሬያቸው። ሮማነወርቅ ልትነግረው አፏን ትከፍታለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

በሁለተኛው ጧት ፎዚያ መጥታ «ከድንኳንሽ እንዳትወጪ ተብለሻል» አለቻት።

«በማን?»

«በልጆቹ። እኔ የለሁበትም» አለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል።

ሮማነወርቅ በዚፑ ክፍተት አጮለቀች። የቦታው ባለቤት አባባ ሰንበታ፣ በእድሜ የገፉት፣ ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከኋላቸው ልጆቹ ሁሉ ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንበው፣ እንጨት ተመርኩዘው ተከትለዋቸዋል። ጉቱ ከድንኳኑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተኮፍሷል። ጉርሜሳ ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ሲመለስ ይህን አይቶ ባልዲውን እንደያዘ ቆሟል።

«አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ!» አሉ አባባ ሰንበታ።

«ደህና መጣችሁ። ቁጭ በሉ» አለ ጉቱ።

«የመጣንበት ሳይሞላ አንቀመጥም። ተናጋሪያችን እሷ ናት።»

ሃዊ ከመሐል ወጣች። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ያያታል። ብርድ ልብሷን አጥብቃ ያዘች። አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ የለም። ሮማነወርቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አይዞሽ... አይዞሽ የኔ ልጅ...»

«ልጃችሁን...» አለች ሃዊ። ዋጥ አደረገች። «ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው። ለአባቴ። ድንኳን እንደምትፈሩ ሰምተናል። የሠርጉን ድንኳን እኛ እንተክለዋለን። በራችሁ ላይ አይደለም፤ እዚህ ነው። በጣም ስለምንስቅበት አያስፈራም።»

ባልዲው ከጉርሜሳ እጅ ወደቀ።

ጉቱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሥርዓቱን ተምሯላ! «እንግዲህ መክረን መልስ እንሰጣለን። ሌላ ቀን ተመለሱ።»

«ጉቱ! ምን ሌላ ቀን!» ዚፑ ተተረተረ። ሮማነወርቅ እያለቀሰችና እየሳቀች ወጣች፤ ሃዊን ከነብርድ ልብሷ አቀፈቻት። «እሺ ብለናል! እሺ!»

ጉርሜሳ እግሩ እንደራሰ መጣ። «ያኔ አልችልም ስትይኝ...»

«ድንኳኑን ነው እንጂ አንተን አይደለም!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እንግዲህ አሁን እንቀመጥ» አሉ አባባ ሰንበታ። «እግሬ ዝሏል።»

ሠርጉ ጥር ላይ፣ እዚያው ግራር ሥር ሆነ። ከአዳማም ከመቂም ዘመድ መጣ። ድንኳኑን ልጆቹ ተከሉት፤ ወደ ሐይቁ ዘመም ብሏል። የጉርሜሳ አጎት አላስችል ብሏቸው መዶሻ ሲያነሡ ከሕዝቡ መሐል አንዲት ድምፅ ጮኸች።

«ወላጅ ችካል አይነካም!»

ሃዊ ናት። አጎትየው መዶሻውን እንደ ፍም ለቀቁት።

ከሰዓት በኋላ ጭፈራው ሲደራ የሐይቁ ነፋስ ተነሣ። አንዱ ችካል ተነቀለ፤ ሌላው ተከተለ። ሸራው ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ በሙሽሮቹም በእንግዶቹም ላይ ወረደ። ከውስጥ ጩኸት፣ ከዚያ ሳቅ... የሁሉም ሳቅ! የጉቱና የሃዊ ከሁሉም ይበልጣል።

በሸራው ሥር አንድ እጅ የሮማነወርቅን እጅ ፈልጎ አገኘ።

«ፈራሽ?» አላት ጉርሜሳ።

«ኧረ ምን በወጣኝ» አለችው፣ በሳቅ ታፍና። «ቶሎ እንዳያነሡት ንገራቸው፤ ትንሽ እንቆይ።»