አባዬ «ደህና ነው» ሲል

«አባትሽ ያለውን ብቻ ተርጉሚ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለቻት የከተማው ምክር ቤት ጸሐፊ፣ ማይክራፎኑን ወደ ቁመቷ ዝቅ እያደረገችላት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለአባቷ ማስተርጎም የጀመረችው ግን የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ክሊኒክ፣ ባንክ፣ የወላጆች ስብሰባ ሳይቀር አብራው ዞራለች። እርግጥ የሒሳብ መምህሯ ስለ እሷ ያሉትን ስትተረጉም ትንሽ ቀባብታዋለች። ዛሬ ግን ቀልድ የለም።

ጉዳዩ የአጎቷ ነው። የአባቷ ታናሽ ወንድም አገር ቤት መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ሲታሰሩ ለምን ብሎ ጋዜጣ ላይ ጻፈ፤ እሱም ታሰረ። ይኸው አሥራ አንድ ወሩ፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ልትጠይቀው ስትሄድ ሁለት ሰዎች ደግፈው ነው ያመጡላት። ከአገራቸው የመጡ ስደተኞች ማኅበር የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ ምክር ቤቱ እስረኞቹ ሐኪም እንዲያያቸውና ለፍርድ እንዲቀርቡ የሚጠይቅ ደብዳቤ እንዲጽፍ። ከዘጠኙ አባላት አራቱ እሺ ብለዋል፣ አራቱ እምቢ። ያልወሰኑት ጥግ ላይ የተቀመጡት ባለመነጽሯ ሴትዮ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የተናገሩት የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ። ማይክ ከያዙ ስለማይለቁ ወጣቶቹ «ጋሽ ማይክ» ይሏቸዋል። ከአያቶቻቸው ዘመን ጀምረው እዚህ ዘመን ሳይደርሱ የተሰጣቸው ሁለት ደቂቃ አለቀ።

ቀጥሎ አባቷ ተነሣ። ልብስ ሰፊ ነው፤ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ግጥም አድርጎ ለብሷል።

«አባዬ፣ ሜትሩ!» አለች በሹክሹክታ።

«ውይ!» ከአንገቱ ላይ መለኪያውን ስቦ ኪሱ ውስጥ ወሸቀው።

ጥሩ አድርጎ ተናገረ። አጭር፣ ግልጽ። እሷም ቃል በቃል ተረጎመች። ሊቀመጡ ሲሉ ባለመነጽሯ እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድምዎ አሁን እንዴት ናቸው? ጤንነታቸውስ?»

ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። «አጎቴ እንዴት ነው? ጤናውስ? ነው የሚሉህ።»

አባቷ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ክው አለች። አባቷ ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም። መርፌ ጣቱን ወግቶት፣ ደሙ ጨርቁ ላይ እየተንጠባጠበ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ነው። ለጠየቀ ሰው እንዲህ ነው የሚመለሰው። የእነሱ ሰው ቢሆን ነገሩ ይገባውና «እውነት ደህና ነው?» ብሎ ይደግማል፤ እውነቱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እዚህ ግን አንዴ ጠይቀው መልሱን ይጽፋሉ። ባለመነጽሯ እስክሪብቶ ይዘው እየጠበቁ ነው።

«አባዬ፣ እንደዛ ብዬ ከተረጎምኩት አለቀልን እኮ!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«የሆነውን ነዋ!»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መለኪያውን ጨበጠ፤ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«አልችልም፣ የኔ እናት» አለ ቀስ ብሎ። «በአፌ ካወጣሁት እውነት ይሆንብኛል።»

ከኋላ ጋሽ ማይክ «በይው በቃ! ታሟል በይ!» እያሉ ያንሾካሽካሉ። ቀላል ነበር። አባቷ ያላለውን እንዳለ አድርጋ ብትናገር ከባለመነጽሯ ወገን የሚያውቅባት የለም። ነገር ግን እሱ አምኗት ነው የቆመው። በዚህ አገር ያለው ድምፅ የእሷ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሷም ከቀየረችበት ምን ቀረው?

ወደ ማይክራፎኑ ተጠጋች።

«አባቴ ያለው፣ ‹ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን› ነው።»

ባለመነጽሯ መጻፍ ጀመሩ። ጋሽ ማይክ ራሳቸውን ያዙ።

«ትርጉሜን ጨርሻለሁ» ቀጠለች። «አሁን ደግሞ እኔ መናገር እፈልጋለሁ። የእስረኛው የወንድም ልጅ ነኝ። ይፈቀዳል?»

ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን አየቻቸው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀጥይ እንደማለት። ጸሐፊዋ የተናጋሪዎችን መዝገብ ገፋ አደረገችላት። ልጅቷ ስሟን ጻፈች። ከዚያ የአባቷን እጅ ያዘች።

«አጎቴ ደህና አይደለም» አለች።

ባለመነጽሯ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ቀና አሉ። እሷ ግን ወደ አባቷ ዞራ የራሷን ቃል ለእሱ ተረጎመችለት፣ አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ። አንገቱን ደፋ፤ እጇን ግን አልለቀቀም። እሷም ቀጠለች።