ዓይኗ የሚያርፍበት ፈረስ

የካሚሳዋ የፈረስ ሜዳ ትንሽ ነው። ወንዙ ዳር ነው። በረዶ ሲጥል ይዘጋል፤ የቼሪ ዛፎቹ ሲያብቡ ይከፈታል። ጥሩ ጥሩዎቹ ፈረሶች ቶኪዮ ይሮጣሉ። እኛ ጋ የሚመጡት እዚያ ያልሆነላቸው ናቸው። ሰዉም እንደዚያው ነው።

ከየውድድሩ በፊት ባልደራሶቹ ፈረሶቹን እየሳቡ በክቡ ማሳያ ውስጥ ያዞሯቸዋል። ሰው በአጥሩ ዙሪያ ቆሞ ያያል፤ ከዚያ ሄዶ ይወራረዳል። ክቡ ዘንድ መጮህ ክልክል ነው፤ ፈረስ ይበረግጋል። የተጣሉ ሰዎች እንኳ እዚያ ሲደርሱ አፋቸውን ይይዛሉ።

ታሞትሱ ታታሚ የሚባለውን የቤት ወለል ምንጣፍ እየሰፋ የሚተዳደር ሰው ነበር። እሑድ እሑድ ጋዜጣውን ጠቅልሎ፣ ቀይ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል። የፈረሱን አባት ያነባል፤ እናቱን ያነባል፤ ባለፈው ስንተኛ እንደወጣ ያነባል። ከዚያ ይሸነፋል።

«ይኼን ያህል አንብበህ ዳኛ በሆንክ ነበር» ትለዋለች እትዬ ኡሜ፣ በሩ አጠገብ የተቀቀለ አንጀት የምትሸጠው። «አንተ የመረጥካቸው ፈረሶች እኮ አሁንም እየሮጡ ነው። ገና አልደረሱም።»

በዚያ ጸደይ አንዲት ሴት አየ። ከአኻያው ዛፍ ሥር አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች። ጋዜጣ የላትም፤ እርሳስ የላትም። ፈረሶቹ ሲዞሩ አቀርቅራ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ግን እጇ ይቆማል። ዓይኗ አንድ ፈረስ ላይ ያርፍና ፈረሱ በዞረ ቁጥር አብሮት ይዞራል። ሌላውን አታይም።

የመጀመሪያ ቀን ያየችው ፈረስ አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ ያየችው ሁለተኛ። ከዚያ እንደገና አንደኛ።

ታሞትሱ ጋዜጣ መግዛት ተወ። መጥቶ ከእሷ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ፊቷን ያያል። እጇ ከቆመ፣ ዓይኗ ያረፈበትን ፈረስ ቁጥር ይይዝና ወደ ቲኬት መስኮቱ ይሄዳል። ካልቆመ አይወራረድም። ለማንም አልተናገረም። እትዬ ኡሜ ግን ከድስቷ ጀርባ ሆና የማታየው ነገር የለም።

በዝናቡ ወራት አንድ ነገር ደረሰበት። እጇ ቆመ፤ ታሞትሱም ቁጥሩን ያዘ፤ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ዝናቡ ፀጉሯን ግንባሯ ላይ አጣብቆት ነበርና ያንን ሲያይ መስኮቱ ተዘጋ። ፈረሱ አሸነፈ። ታሞትሱ ምንም አልቆጨውም። ቤቱ ገብቶ ሲያስበው ፈራ።

በሚቀጥለው እሑድ ዣንጥላዋን ይዛ ራሷ መጣች።

«ይቅርታ፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?»

«ምን አሉኝ?»

«ሁልጊዜ ያዩኛል። ጥላሸት ነክቶኝ ከሆነ ይንገሩኝና ልጥረገው።»

«የለም። ምንም የለም። ንጹሕ ነው» አለ ጆሮው ቀልቶ።

«ንጹሕ ነው?»

«ፊትዎ።»

ሳቀች። ስሟ ቺጉሳ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ክርና የልብስ ቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች።

ከዚያ በኋላ እትዬ ኡሜ ዘንድ አብረው ይበሉ ጀመር። ውድድር ሲያልቅ በወንዙ ዳር አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱም ብዙ አያወሩም። አንድ ጊዜ ታሞትሱ ጠየቃት፦

«ለምን አትወራረጂም?» ያኔ «እርስዎ» መባባሉን ትተው ነበር።

«ቲኬት ከያዝኩ የማየው ቲኬቱን ነው» አለችው።

ያን ጊዜ ዓይኗን እያየ እንደሚወራረድ ቢነግራት በሳቅ ያልፍ ነበር። አልነገራትም።

ከአኻያው ሥር መሬቱ ጭቃ ነው። ታሞትሱ ከሥራው ከተረፈ ቁራሽ አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ሰፍቶ፣ ጠርዟን በሰማያዊ ጨርቅ ከፍፎ፣ እንድትቆምባት አመጣላት። ቺጉሳ ጫማዋን ልታወልቅ አጎነበሰች።

«ኧረ በጫማሽ! ለጭቃው እኮ ነው።»

«እንዲህ አምሮ ተሰፍቶ በጫማ ይረገጣል?»

«ይረገጥ። ሌላ እሰፋለሁ።»

ቀና ብላ አየችው።  ያን ዕለት የየትኛውም ፈረስ ቁጥር አልታየውም።

ነገሩ የፈነዳው በመኸር ነው። የአንጀቱን ሳህን ይዘው ተቀምጠው እትዬ ኡሜ በጭልፋዋ ወደ ቺጉሳ ጠቆመች።

«የኔ ልጅ፣ ለእኔም አንድ ፈረስ እዪልኝ እንጂ። ይኼ ሰውዬ እኮ በአንቺ ዓይን በልቶ ወፈረ።»

«በእኔ ዓይን?»

«አልነገረሽም እንዴ? ጋዜጣ ከተወ ስንት ጊዜው! ፈረስም አያይ። አንቺን ያይና፣ አንቺ ያየሽውን ይገዛል።» እትዬ ኡሜ የታሞትሱን ፊት አየች። ከዚያ ዞር ብላ የማይማሰለውን ድስት ማማሰል ያዘች።

ቺጉሳ የመብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች።

«እውነት ነው?»

«መጀመሪያ እንደዚያ ነበር።»

«መጀመሪያው መቼ አለቀ?»

ታሞትሱ ባለፈው እሑድም ገዝቷል።

«እኔ ፈረስ አላውቅም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ደኅናውን ከታመመው አልለይም። የማየው ሰውየውን ነው።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ልጓሙን የሚይዘውን። ጌንጎን። አባቴ ነው።»

እትዬ ኡሜ ማማሰሉን ተወች።

«እናቴ ስትሞት ትንሽ ነበርኩ። ጋጣ ሴት ልጅ አያሳድግም ብሎ ሌላ አገር ላለችው አክስቴ ሰጠኝ። የምለብሰውን ይልክልኝ ነበር። እሱ ግን አልመጣም። ዘንድሮ እኔ መጣሁ። አንድ ቀን ቀና ካለ ያውቀኛል ብዬ እዚያ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ከፈረሱ ላይ ዓይኑን አንስቶ አያውቅም።»

«ለምን አላናገርሽውም?»

«የሰጠኝ እሱ ነው። የሚፈልገኝም እሱ ይሁን።» ተነሳች። «አንተ ደግሞ ፊት ለፊቴ ትቆማለህ። እሱ ባያየኝ አንድ ሰው እንኳ እያየኝ ነው ብዬ ነበር።»

ሄደች። ታሞትሱ ምግቡን ሳይጨርስ ተቀምጦ ቀረ። ያንን ሽማግሌ ለማስታወስ ሞከረ። ስንት እሑድ በፊቱ አልፏል። መልኩ አልመጣለትም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳው አልመጣችም። ምንጣፏ ከአኻያው ሥር እንደነበረች ናት። እዚህ የሰው ቦታ አይነካም።

ሜዳው ሊዘጋ አንድ እሑድ ሲቀረው ታሞትሱ ወደ ሱቋ ሄደ።

«ምን ልስጥዎት?» አለችው።

«አባትሽ በመጪው እሑድ ሥራውን ያቆማል። ከዚያ ባሕሩ ዳር፣ ወንድሙ ዘንድ ሊገባ ነው ይላሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አትመጪም?»

«መቆም ሰለቸኝ።» መሳቢያውን ሳበች። «ጥቁር ነው ነጭ?»

«ምኑ?»

«ክሩ። ክር ሊገዙ አይደል የመጡት?»

ጥቁር ክር ገዝቶ ወጣ።

የመጨረሻው እሑድ ነፋሻማ ነበር። ታሞትሱ በለመደው ቦታ ቆመ። ፊት ለፊቱ አኻያው አለ፤ ምንጣፏ አለች፤ እሷ የለችም። የሚያነበው ዓይን ሲያጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክቡ ውስጥ ተመለከተ።

ከባልደራሶቹ ሁሉ ሽማግሌው ጌንጎ ብቻ ነው፤ አጭር፣ እግሩ ወልገድ ያለ፤ ከቆቡ ሥር ፀጉሩ ነጥቷል። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ዳማ ባዝራ፣ ቀላ ያለች ሴት ፈረስ፣ ይስባል። ጸጉሯ እንደ መስታወት ያበራል። አንገቱን ደፍቶ አንዳንድ ነገር ያንሾካሹክላታል።

አኻያው ጋ ሲደርስ ቀና አለ። ምንጣፏን አየ። አቀረቀረ።

ታሞትሱ አጋጣሚ ነው አለ።

በሁለተኛው ዙር ሽማግሌው ከሩቁ ቀና አለ። በሦስተኛው አኻያው ፊት ቆመ። በአጥሩ ዙሪያ ወዲህና ወዲያ በዓይኑ ፈለገ። ባዝራዋ በአፍንጫዋ ትከሻውን ገፋችው፤ ያኔ ሄደ። ፊቱ ግን ሲመጣ የነበረው አልነበረም።

ዓይን የት እንደሚሄድ ማየት ታሞትሱ ከጸደይ ጀምሮ የያዘው ሥራ ነው። ይኼን ሊስተው አይችልም። ሰው ሁሉ ወደ ቲኬት መስኮቱ ሲሄድ እሱ ወደ በሩ ሮጠ። ድልድዩን ተሻገረ።

ቺጉሳ ቁልፎች በቀለም በቀለማቸው እየለየች ነበር።

«ይፈልግሻል» አለ እያለከለከ።

«ማን?»

«ቦታሽን እያየ ነው። በዞረ ቁጥር። ምንጣፏን።»

«አትዋሸኝ። ቀና ብሎ አያውቅም።»

«አንቺ ስትኖሪ አያይም። መኖርሽን ስለሚያውቅ ነው። ሲያጣሽ ግን…»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ቺጉሳ፣ እኔ ፈረስ አልገባኝም። ጋዜጣውም አልሆነልኝም። ዓይን ግን አውቃለሁ። ያንቺን ስከተል ነው የከረምኩት። የእሱም ቁርጥ ያንቺ ነው።»

 ነጭና ጥቁሩ ቁልፍ ከእጇ ተደባልቆ ወደቀ።

«ቲኬት ገዝተሃል?»

«መቼ? እየሮጥኩ?»

በሩን ሳትዘጋ ወጣች።

ሲደርሱ ውድድሩ አልቋል። ሕዝቡ ይጮሃል። ማንም ያልጠበቃት ዳማ ባዝራ አሸንፋ ነበር። ጌንጎ በመውጫው አጥር አጠገብ ጀርባዋ ላይ ብርድ ልብስ እየጣለ ነው። ቺጉሳ ቀረበችና አጥሩን ያዘች። ሽማግሌው ቀና አለ።

ታሞትሱ ወደ ኋላ ቀረ። ቢሆንም ነፋሱ ቃላቸውን ያመጣው ነበር።

«ዛሬም ቀረሽ» አለ ሽማግሌው።

«ቀረሁ።»

«አሟት ነው ብዬ…»

«አላመመኝም። አባቴ፣ ያውቁኝ ነበር?»

«የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅሁሽ። አጥር አያያዝሽ የእናትሽ ነው።»

«ታዲያ ለምን አላዩኝም?»

ጌንጎ የባዝራዋን አንገት ዳበሰ። ላቧ በብርዱ ይተናል።

«በምን ፊቴ? ሰጥቼሽ ሳበቃ?» ብርድ ልብሱን አስተካከለ። «ማየቱ ቢያቅተኝ ፈረሶቹን ማሳመር ጀመርኩ። ከጎህ በፊት ተነስቼ አበጥራለሁ። አንቺ ታዪያቸዋለሽ ብዬ። በዕድሜዬ እንደዘንድሮ አሸንፌ አላውቅም።»

ቺጉሳ በአጥሩ መካከል እጇን ሰደደች። ሽማግሌው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ያዘው። ባዝራዋ መሄድ ፈልጋ ሳበችው፤ አልለቀቀም።

እትዬ ኡሜ ጭልፋዋን እንደያዘች መጣች።

«ታሞትሱ! ባዝራዋ ስንት እጥፍ እንደከፈለች ሰምተሃል? እስቲ ቲኬትህን አሳየኝ!»

«የለኝም።»

«የለኝም? ከጸደይ ጀምረህ ገዝተህ ገዝተህ የዛሬዋን ተውካት? አንተ ሰውዬ ጤናም የለህ!»

«ሳይኖረኝ አይቀርም። አንጀት አለሽ?»

ሰው ከተበተነ በኋላ ቺጉሳ ምንጣፏን ከአኻያው ሥር አንስታ ወደ እሱ መጣች።

«ረጥባለች። ሌላ ትሰፋልኛለህ?»

«እሰፋለሁ። ትልቅ አድርጌ።»

«ምን ያደርጋል ትልቅ?»

«ለሁለት ሰው።»

ወደ ጋጣው መንገድ አየች። ጌንጎ ባዝራዋን እየሳበ በየጥቂቱ ወደ ኋላ ዞር ይላል።

«ለሦስት» አለች።

ጸደይ መጣ፤ ቼሪው አበበ፤ ሜዳው ተከፈተ። ከአኻያው ሥር ሦስት ሰው ቆሟል። ጌንጎ ባሕሩ ዳር አልሄደም። የሚስበው ፈረስ ስለሌለ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ አጥሩን ጨብጧል።

ታሞትሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ ቀይ እርሳሱን ይዞ፣ እንደ ድሮው ሲሸነፍ አርፍዷል።

«ቺጉሳ፣ አንቺ እስቲ የቱን ታያለሽ?»

አልመለሰችም። እሱም በልማዱ የዓይኗን መንገድ ሊከተል ቀና አለ። ፈረሶቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። እጇ ኦቾሎኒው ላይ ቆሟል። ዓይኗ ግን ከአንዱም ጋር አልዞረም። እሱ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ መስኮቱ ሊዘጋ ነው» አለው ጌንጎ ከፈረሶቹ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ።

«ይዘጋ» አለ ታሞትሱ።