በደብተሩ ላይ ያልነበረው አሥራ ሦስተኛ ፋይል

ከባለቤቴ ከአንተነህ ጋር በመጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ የፋይል ስም መጥራት ነበር። ሐሙስ ጠዋት ነው፣ እሱ ጫማውን አስሮ፣ ቦርሳውን በሩ ሥር አስቀምጦ፣ ወደ አንበሳሜ የሚወስደውን መኪና እየጠበቀ፣ «ብርቄ፣ ደብተርሽን አምጪና እንቁጠራቸው» አለኝ፣ አመጣሁ። እኔ ከደብተሩ እያነበብኩ አንድ ስም እጠራለሁ፣ እሱ የኮምፒውተሩን ስክሪን እያየ ፋይሉን ሲያገኘው በጋብቻ ቀለበቱ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ይመታል፣ ሌላ እጠራለሁ፣ ይመታል። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና ስም መጥራት ለምዶብኛል፣ እሱም ልክ «አቤት» እንደሚል ተማሪ ነበር የሚመታው። በደብተሩ ያሉት ስሞች አሥራ ሁለት ናቸው፣ እሱ ግን ሁልጊዜ አሥራ ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር።

«ይቺ የመጨረሻዋ ደግሞ ለማን ናት?» አልኩት የዚያን ዕለት።

«እሱ ስንቅ አያስፈልገውም፣ ቤቱ ነው ያለ» ብሎ ሳቀና ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። እኔም እንደ ቀልድ ቆጠርኩት። በማግስቱ አስከሬኑ መጣ፣ መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ይህ ይታወቅልኝ፤ እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በሙት መምጣት የማምን ሴት አይደለሁም። «በሕልሜ መጥቶ ውኃ ጠማኝ አለ» እያሉ ሊያስለቅሱኝ የመጡትን ሴቶች እዚያው ለቅሶ ቤት ተቆጥቻቸዋለሁ፣ እህቴ እስከ ዛሬ ታማኛለች። ዛሬም አምኛለሁ አልልም። የሆነውን ግን ሆነ እላለሁ፣ ማንም ደግሞ አልሆነም ሊያሰኘኝ አይችልም።

አንተነህ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ በጋፋት መንገድ ላይ ላለው የገበሬዎች የዘር ድንች መጋዘን የምዝገባ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፣ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ፣ መዝጋቢዋም እኔ ነበርኩ። በመጋዘኑ ሣጥኖች ላይ የገበሬ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም ከተጻፈ ሰው ሁሉ የዘመዱን ዘር መርጦ የተጣላውን ሰው ዘር አልነካም ይላል፣ ደርሶብናል። ስለዚህ የትኛው ቁጥር ከማን ማሳ እንደመጣ የሚያውቀው ፕሮግራሙ ብቻ ነው። በወረቀት የታተመው ዝርዝር በአንተነህ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ቦርሳው ደግሞ አልተገኘም።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ሁሉን ነገር ራሱ አይሠራም፣ ሌሎች ሰዎች የሠሩትን ይዋሳል፣ አንዱ ማተም ያውቅበታል፣ አንዱ ፊደላችንን ይጽፋል፣ አንዱ የእኛን ዘመን ይቆጥራል፤ እኔ ስማቸውን የምጠራቸው ፋይሎች እነዚህ የውሰት ሥራዎች የታሸጉባቸው ናቸው። አንተነህ «ስንቅ» በሚል ፎልደር ውስጥ አኑሯቸው ነበር። ታዲያ ማኖር ብቻውን አይበቃም፣ ጃቫ የት የት ሄዶ እንደሚፈልግ መንገዱ ተጽፎ ካልተነገረው አፍንጫው ሥር ያለውን እንኳ አያይም። «እንደ እናቴ ነው፣ ካልነገሩት በቀር ዓይኑ እያየ አያምንም» ይል ነበር አንተነህ፣ እናቱ ፊት ጭምር።

አርባው ካለፈ በኋላ መብረቅ የመጋዘኑን ኮምፒውተር አቃጠለው። አዲስ ተገዛ። ፕሮግራሙ፣ የስንቅ ፎልደርና የምዝገባው ዳታ እኔ ጋ በፍላሽ ስለነበረ ገለበጥኩት፣ መንገዱንም ከደብተሬ ላይ አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ፕሮግራሙን አስነሳሁት፣ እምቢ አለ። ዳታውን ሊከፍት ሲል ይቆምና የሚፈለገው ነገር አልተገኘም የሚል ቀይ መስመር ያወጣል። ሦስት ቀን እንዲሁ። አሥራ ሁለቱም ፋይሎች አሉ፣ የተባለው መንገድ አለ፣ ግን አልተገኘም ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ይስማው ፊቱን አጥቁሮ ገባ። በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ አጠውልግ ተገኝቷል፣ ድንቹን የሚያደርቀው በሽታ፣ የዚህ ሰው ዘር ደግሞ እኛ መደርደሪያ ላይ ነው፣ በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ግን አናውቅም።

«እትዬ ብርቄ፣ ይበቃል፣ ይተውት» አለኝ። «ነገ ጠዋት ስድሳ ገበሬ ዘር ሊወስድ ይመጣል። የታመመው ካልተለየ ሁሉንም ለምግብ እሸጠዋለሁ።»

«ሰዎቹስ ምን ይተክላሉ?»

«ምን ላድርግ? በሽታው አንዴ መሬት ከገባ ለዓመታት አይወጣም። ጋሼ አንተነህም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እሳቸው ብቻ የሚያውቁትን ነገር አሸክመውን ሄዱ።»

ይቺ ቃል አቃጠለችኝ። «ይስማው፣ አምስተኛ ክፍል ሳለህ ሒሳብ አልገባህ ብሎ ደብተርህን የቀደድክ ዕለት ማን ነው ቁጭ አድርጎ ያሠራህ?»

«እርስዎ ነዎት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው ዛሬም ደብተር አይቀደድም። እስከ ነገ ጠዋት አንዲት ሣጥን እንዳትነካ።»

«እስከ አንድ ሰዓት፣ እትዬ። ከዚያ በላይ አልችልም» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ከጉና በኩል ጉም ወርዶ መስኮቱን ሞላው። መጋዘኑ ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔ በር አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ፣ የመጋዘን ጠባቂው ጋሽ ሰይድ ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ድንች እየገለበጡ። መጀመሪያ የሰማሁት ማራገቢያ የሚዞር የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። የአዲሱ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ አይደለም፣ ድምፁ ከእግሬ ሥር ነው፣ የተቃጠለው አሮጌ ኮምፒውተር ከተጣለበት። ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ገመዱ ተጠቅልሎ በሲባጎ እንደታሰረ ነው፣ ምንም ላይ አልተሰካም። ሳየው ድምፁ ቆመ፣ ቀና ስል ቀጠለ። ጉንፋን ጆሮዬን ደፍኖት ይሆናል አልኩ፣ እመኑኝ፣ የመጣልኝ ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር።

ደብተሩን ገልጬ ስሞቹን በንዴት ጮክ ብዬ መጥራት ጀመርኩ፣ ክፍል ውስጥ እንደምጠራው። «አታሚው!» ብዬ ፋይሉን ስክሪኑ ላይ ስፈልግ፣ ጠረጴዛው አንድ ጊዜ ተመታ። ብረት እንጨት ሲነካ ያለው ድምፅ ነው፣ ሌላ አይደለም። እጄን አየሁት፣ ደብተሩን ይዟል። የአንተነህ ቀለበት ከጣቱ አልወጣ ብሎ አብሮት ነው የተቀበረው። «ፊደሉ!» አልኩ፣ ተመታ። «ዘመን ቆጣሪው!» ተመታ። ድምፄን ሳልቀንስ ቀጠልኩ፣ እልኸኛ ነኝ።

ስድስተኛው ላይ ጋሽ ሰይድ ከወዲያ ጮኹ። «ብርቄ፣ ማን ነው ጠረጴዛ የሚደበድበው?»

«ይሰማዎታል?»

«አልደነቆርሁም እኮ!»

አሥራ ሁለቱን ጨረስኩ። ደብተሩን አጠፍኩት። ከዚያ አሥራ ሦስተኛው ተመታ።

«ሰው ከሆነ ግባ በይው እንጂ፣ ብርድ ነው!» አሉ ጋሽ ሰይድ።

በዚህ ጊዜ የፈራሁ ይመስላችኋል፣ አልፈራሁም፣ ተናደድኩ። «አንተነህ» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ፣ «አንተ ከሆንክ አትቀልድብኝ። በወጉ ሳትሰናበተኝ ሄደህ አሁን በጠረጴዛ አትመልስልኝ። ስድሳ ቤት ዘር ሊያጣ ነው፣ ስምህም አብሮ ሊጣል ነው። የጎደለው የት ነው ያለ?»

እኔው ስጠይቅ የሐሙሱ ቃል ትዝ አለኝ፣ ቤቱ ነው ያለ። ለካ ቀልድ አልነበረም፣ አንዱን ፋይል ስንቅ ውስጥ ሳይሆን ጃቫ ራሱ በተጫነበት ቤት ውስጥ ነበር ያኖረው፣ ጃቫ ደግሞ የራሱን ቤት መንገድ ሳይነገረውም ያየዋል። ስለዚህ በደብተሬ አልገባም፣ በፍላሼም አልተገለበጠም። ያ ቤት ግን ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ተቃጥሏል። ማወቄ ምን ጠቀመኝ?

ቢያንስ የጎደለውን በስሙ ልወቀው ብዬ፣ ጃቫ እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳመጣው እንዲናገር የሚያደርገውን ትእዛዝ ጽፌ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳሁት። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ወረዱ፣ ይህ ከስንቅ፣ ያ ከስንቅ፣ ያ ከስንቅ፣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ደረሰ፣ ቆመ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዚያ አለፈ። ዳታውን የሚከፍተው ፋይል ተገኝቷል ይላል። የተገኘበት ቦታ ደግሞ ተጽፏል፣ «ዲ» በሚባለው የኮምፒውተር ማከማቻ ክፍል፣ አንተነህ በሚል ፎልደር ውስጥ፣ በጃቫ ቤት። አዲሱ ኮምፒውተር «ሲ» እንጂ «ዲ» የሚባል ክፍል ጭራሽ የለውም። «ዲ» የነበረው እግሬ ሥር ያለው፣ የተቃጠለው ነው።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ያቺን መስመር ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ፣ ዝርዝሩን አተምኩ፣ የዚያን ገበሬ ስም ፈለግኩ፣ ሠላሳ ሰባት ቁጥር፣ አራት ሣጥን። ጋሽ ሰይድ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ሲያወጡ፣ ከእግሬ ሥር የነበረው ድምፅ መቆሙን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስድሳዎቹ ንጹሕ ዘራቸውን ተሸክመው ሄዱ። ይስማው ወረቀቱን ሲያይ ቆይቶ «እስቲ ፕሮግራሙን ያሳዩኝ» አለ፣ አስነሳሁት፣ ያው ቀይ መስመር፣ አልተገኘም። ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንደገና ቆጠራቸው።

ሰኞ ሰብለ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣች። የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት አወረደች፣ ስንቅ ውስጥ ከተተችው፣ መንገዱን ጨመረች፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከዚያ ደብተሬን አሳየኋት፣ ሳቀች።

«እማማ፣ ይህ ማሽን ላይ ዲ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ሲጽፉ ተሳስተው ይሆናል፣ የድሮው ትዝ ብሎዎት።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ከሰሌዳ በትክክል ገልብጡ እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ይሁን፣ ተሳሳትኩ እንበል። ዓርብ ዕለት ያለዚህ ፋይል በምን ተከፈተ?»

ሳቋ ቀረ። የታተመውን ዝርዝር ተቀብላ ቀኑን አየች፣ ኮምፒውተሩን አንድ ሰዓት ሙሉ በረበረች፣ ከዚያ ዕቃዋን ሰብስባ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች።

ጋሽ ሰይድ አሁን የመታው የጣሪያው ቆርቆሮ ነው ይላሉ፣ በብርድ ሲኮማተር እንዲያ ያደርጋል። «ቆርቆሮ አሥራ ሦስት ቆጥሮ ያቆማል?» ስላቸው «እኔ ቆጠርሁ ወይ?» ይሉኛል። እህቴ ጠበል ካልተጠመቅሽ ብላ ለምናኝ ነበር፣ እምቢ አልኳት። የዳነው የስድሳ ቤት የድንች ዘር ነው፣ ይህን ያደረገ ነገር ምንም ይሁን ምን ከእኔ እንዲወጣልኝ አልጠመቅም። የተቃጠለውን ኮምፒውተር ለብረት እንሽጠው ያለውን ይስማውንም አይሆንም ብዬዋለሁ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው።

የአሥራ ሦስተኛውን ፋይል ስም በደብተሬ አሥራ ሦስተኛ መስመር ላይ ጽፌዋለሁ፣ የሚኖርበትንም መንገድ አብሬ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሰው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት መጋዘን ሄጄ አሥራ ሦስቱንም በየስማቸው እጠራለሁ፣ እያንዳንዱን ስክሪኑ ላይ ሳገኘው ጠረጴዛውን በገዛ ቀለበቴ እመታለሁ። ከመጨረሻው በኋላ እጄን አንስቼ ጥቂት እቆያለሁ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ በሩን እቆልፋለሁ።