አራተኛው ማገጃ

ካፒቴኑ በሃንጋሩ፣ በአውሮፕላን ማደሪያው አዳራሽ ጥግ፣ በጥይት ሳጥኖች ላይ በተጋደመ አሮጌ በር ላይ ተኝቷል። የተሸፈነበት ብርድ ልብስ አዲስ ነው፤ ትናንት ጠዋት ለግንባር ቁስለኞች ሊደርሱ በአውሮፕላኑ ከተጫኑት አንዱ ነው። ራስጌው ላይ ባዶ ራሳቸውን የተቀመጡት ሽማግሌ አባቱ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል። ድሮ የበረራ ትምህርት ቤት መካኒክ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው ሳለ ጦርነቱ መልሶ ጠራቸውና ልጃቸው ባለበት ጦር ሰፈር ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኑ። ከመጡ ገና ስምንት ቀናቸው ነበር፤ ስምንቱንም ቀን ዝናብ ስለነበር እስከ ትናንት ድረስ አንድም አውሮፕላን አልተነሳም።

የአደጋ መርማሪው ሻለቃ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሰው ሲናገርለት «ቆይ፣ ቆይ» ማለት ስለሚያበዛ በየሰፈሩ «ሻለቃ ቆይ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ስሙን ያውቃል፤ አይቆጣም። ከመኪናው እንደወረደ በመጀመሪያ ሬሳው ዘንድ ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አባባን እጅ ነሳ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ዞረ።

የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ችኩል ሰው ነው፤ ነገሩንም በችኮላ ነገረው። አውሮፕላኑ ትናንት ደህና ተንደረደረ፤ ግን አፍንጫውን ቀና ሊያደርግ አልቻለም። ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ቦይ ውስጥ ገባ። ካፒቴኑ እዚያው ሞተ፤ ረዳቱ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ጭራው ሳይጎዳ ስለቀረ ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀም፤ ማገጃ እንደነከሰው ነበር።

እንግዲህ ይህን ማገጃ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። አውሮፕላን ቆሞ ሲያድር ንፋስ የጭራውን ተንቀሳቃሽ ክንፍ እያማታ እንዳይሰብረው፣ ሁለት ጣውላ እንደ መቆንጠጫ ሆኖ ነክሶ ይይዘዋል። በዚህ ሰፈር አንድ አውሮፕላን ሦስት ማገጃ አለው፤ በየአንዳንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተሰፍቷል። ከበረራ በፊት መካኒኩ ሦስቱን ይነቅልና ወደ አፍንጫው ዞሮ ጨርቆቹን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ካፒቴኑ በመስኮት ሦስት ጣቱን ያወጣል። ሦስት ለሦስት። ከዚያ ሞተር ይነሳል።

«ሦስቱ ማገጃዎች መካኒኩ ክፍል ውስጥ በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል» አለ ኮሎኔሉ። «ስለዚህ አራተኛ ሠርቷል ማለት ነው። ሻጥር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጦር ፍርድ ቤቱ መኪና ይመጣል።»

«ቆይ፣ ቆይ። ፍርዱስ?»

ኮሎኔሉ ሰዓቱን አየ። በጦርነት ጊዜ አውሮፕላን አበላሸ የተባለን ሰው የት እንደሚያቆሙት ሁሉም ያውቃል።

ፍርሃት ሰፈሩን እንደ ጉም ሸፍኖታል። ከተራራው ማዶ መድፍ ያጓራል። የሁለተኛው አውሮፕላን ሠራተኞች ከክንፉ ጥላ ስር ተቀምጠው አንነሳም ብለዋል፤ አንዱ ሲጋራውን በተቃራኒው ጫፍ ለኩሶ ሳያውቀው ይዞታል። ግንባር ላይ ሠላሳ ሁለት ቁስለኞች መድኃኒትና ብርድ ልብስ ይጠብቃሉ። ከዚህ በፊት በዚህ ወር ሁለት አውሮፕላኖች ወድቀዋል፤ አሁን ደግሞ ሰዎቹ ከጠላት ይልቅ እርስ በርስ መተያየት ጀምረዋል። አብሮ አደር አብሮ አደሩን ዳቦ ሲያቀብለው እንኳ እጁን ያያል።

ኮሎኔሉ ሲጠየቅ፣ ትናንት አውሮፕላኑ አጠገብ የደረሱትን ቆጠረ። መካኒኩ፣ ረዳት አብራሪው፣ የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር። «ብርድ ልብሱን ደግሞ አባባ ራሳቸው በኋላ በር ጭነዋል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምስኪን፣ ልጃቸውን በእጃቸው ሸኙ።»

ሻለቃው አራተኛውን ማገጃ ተቀብሎ ወደ ብርሃን ወጣ። ቀይ ጨርቅ የለውም። በውስጥ በኩል፣ ጭራውን በሚነክስበት ገጽ ላይ፣ ለስላሳ ቆዳ በጥንቃቄ ተለጥፎበታል። በአውራ ጣቱ ደባበሰው። ከዚያ የመካኒኩን ሦስቱን አየ፤ እነሱ ባዶ እንጨት ናቸው፣ ቆዳ የላቸውም።

መካኒኩ በር ላይ ዘብ ቆሞበት መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል። ሻለቃው ሲገባ ብድግ አለ። ሦስት ነቀልኩ፣ ሦስት አሳየሁ አለ፤ ከዚህ የተለየ ቃል አልወጣውም። ለምን ቆዳ እንደማይለጥፍ ሲጠየቅ፣ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ቆዳ አልቋል፤ የድሮዎቹ ነበሩ የአውሮፕላኑ ገላ እንዳይጫር የሚለጥፉት አለ። ሻለቃው አራተኛውን ፊቱ ሲያቀርብለት ግን አንዴ አየውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ይህን ማን ሠራው?»

መካኒኩ ከግድግዳው አልተመለሰም።

በሩ ላይ ሚስቱ ቆማለች። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናት።

«ሻለቃ፣ እኔ የሰፋሁት ሦስት ጨርቅ ነው። ያኛው እንጨት መርፌ ነክቶት አያውቅም» አለች። ወደ ባሏም ዞራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምታውቀው ካለ ተናገር እንጂ። በእቃና በመፍቻ ስትነታረክ ምላስህ የት ነበር? ዛሬ ነው የሚጠፋብህ?»

ባሏ ግድግዳውን እያየ፣ «ተይኝ እመቤቴ» አለ። ተከትሎ የገባው ኮሎኔል ይህን ዝምታ እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። ሻለቃው ግን ሰውየው የዞረበትን አቅጣጫ አስተዋለ፤ ግድግዳው ማዶ ሬሳውና አባትየው ናቸው።

የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ሲጠራ እየሮጠ መጣ። «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ካልዘጉት አይዘጋም። ከልጅነቱ ታሪክ ጀምሮ ወደ ትናንት ለመድረስ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከመካኒኩ ጎን፣ አፍንጫው ፊት፣ የእሳት ማጥፊያ ይዞ ቆሞ ነበር። ጨርቆቹን እሱም ቆጥሯል።

«ሦስት ናቸው፣ ሻለቃ፤ ልጆቼን ያሳጣኝ። ከዚያ መኪናዬ ላይ ወጣሁ። አደጋው ሲደርስ በረርኩ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ አባባ ቀድመውኛል። ያ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ የሚያስለቅሳቸው ሽማግሌ ከሞተር ቀደሙ። የአባት አንጀት እንዲህ ነው።»

«ቆይ። ቦዩ ጋ ቀደሙህ?»

«ቦዩ ጋ። ልጃቸውን እየጎተቱ አገኘኋቸው።»

ረዳት አብራሪው ሕክምና ክፍል ተኝቷል። ኮሎኔሉ በሹክሹክታ፣ ይህ ልጅ ትናንት ጠዋት በፍርሃት አስመልሶት ነበር፣ እሱንም ጠርጥር ብሎ ነበር። ልጁ አልካደም። ሁላችንም እንፈራለን፣ እኔ ጨጓራዬ ስለሚያጋልጠኝ ነው አለ። ቀዮቹ ሲቆጠሩ ከካፒቴኑ ጎን ወንበሩ ላይ ነበር። የኋላው በር ሲዘጋ ሰምተዋል፣ ሞተር አስነሱ፣ ሄዱ። መሪው ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ እምቢ አለ።

«ከመነሳታችሁ በፊት መሪውን ሳትሞክሩት?»

ልጁ ዓይኑን ጨፈነ። «ለሦስት ወር ሞክረን አናውቅም። ማኮብኮቢያው ላይ መድፍ ሲወድቅ፣ ሞተር ከተነሳ በአራት ደቂቃ ከመሬት ልቀቁ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቀዩን እንቆጥራለን፣ እንሄዳለን። ቆጠራው ይበቃል ብለን ነበር።»

ሻለቃው ብቻውን ወደ ማኮብኮቢያው ወጣ። ከግምጃ ቤቱ በር እስከ ቦዩ ያለውን መንገድ በእርምጃ ለካ። ግምጃ ቤቱ ከማኮብኮቢያው መሐል ትይዩ ነው። ለጤነኛ ሰው እንኳ ሩቅ ነው። በግምጃ ቤቱ ትክክል፣ አስፋልቱ ጫፍ ላይ፣ ጭቃ የጠጣ ግራጫ ቆብ አገኘ። ጠፍጥፏል። በላዩ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ታትመዋል። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው፤ ከዚያ በኪሱ ከተተውና ሁሉም ሃንጋሩ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አስጠራ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮሎኔሉ ሰዓቱን ያያል፤ ረዳት አብራሪው ክንዱን አንጠልጥሎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሏል። መካኒኩ በሁለት ዘብ መሐል ነው፣ ሚስቱ የኮቱን ጫፍ ይዛለች። አባባ ከሬሳው ራስጌ አልተነሱም።

«በችኮላ እንዳላጠፋ ቀስ ብዬ ልናገር» አለ ሻለቃው። «መካኒኩ ሦስት ነቀለ፣ ሦስት አሳየ። አራት ሰዎች ቆጥረዋል። አራተኛው ቀድሞ ቢኖር ሦስቱን ሲነቅል በእጁ ይነካው ነበር፤ ስለዚህ የገባው እሱ ወደ አፍንጫው ከዞረ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ መካኒኩና ሬዲዮ አፍንጫው ፊት፣ ሁለቱ አብራሪዎች ወንበራቸው ላይ ናቸው። ጭራው ጋ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማንም ያልቆጠረው፣ ሊቆጠር ስለማይገባው።»

የልብስ ሰፊዋ እጅ ከኮቱ ላይ ወደቀ።

«አሁን ቆዳውን እዩ። ይህን የሠራ ሰው የአውሮፕላኑ ገላ እንዳይጫር ተጨንቋል። ሊጥለው የፈለገ ሰው ለቀለሙ አይጨነቅም። ነገ ደህና ሆኖ እንዲበር የፈለገ፣ ዛሬ ብቻ እንዳይነሳ የፈለገ ሰው ነው። አሠራሩም የድሮዎቹ ነው።» ከኪሱ ቆቡን አወጣ። «ይህ ማኮብኮቢያው ላይ ነበር። የመኪና ጎማ ጥርስ አለው፤ የአውሮፕላን ጎማ ግን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው። ስምንት ቀን ዝናብ ነበር፤ ትናንት የተንደረደረው አንድ አውሮፕላን ነው። እንግዲህ ይህ ቆብ አውሮፕላኑ ከማለፉ በፊት ፊቱ ተወርውሯል። ሬዲዮ፣ አባባ በጉልበታቸው ከመኪናህ አልቀደሙም። አንተ አደጋው ሲደርስ ተነሳህ፤ እሳቸው የተነሱት ምንም ሳይደርስ ነው። ምን እንደሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ያውቅ ነበር።»

መድፉ ከማዶ አጓራ፤ ቆርቆሮው ጣሪያ ተንቀጠቀጠ። አባባ የልጃቸውን ብርድ ልብስ እያስተካከሉ ተናገሩ።

«ጭራው ሲወዛወዝ ለማየት ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ከመነሳትህ በፊት መሪውን ሞክር ያልኩት እኔ ነኝ። መሪው እምቢ ሲለው ይወርዳል፣ ይፈተሻል፣ ሰዓቱ ያልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይመለሳል። አንድ ቀን ልስረቅለት ብዬ ነው። መካኒኩን ቢበዛ ይቆጡታል ብዬ።» የልጃቸውን ግንባር ዳሰሱ። «ጭራው ግን አልተነቃነቀም። ሞተሩ ጮኸ። ሮጥኩ፣ ጮህኩ፣ ቆቤን ወረወርኩ። አጠገቤ ሲያልፍ ፊቱን አየሁት። እሱ ፊት ለፊት ነበር የሚያየው።»

«ሌላ ሰው ሊሞትልዎ ሲል ዝም አሉ?» አለ ኮሎኔሉ።

«ሳይቀበር እንዳትወስዱኝ ፈራሁ። አፈር ካለበስኩት በኋላ ልናገር ነበር።» ወደ መካኒኩ ቀና አሉ። «አንተ ቆዳውን ስታይ አውቀሃል፤ አለጣጠፉን ያሳየሁህ እኔ ነኝ። ለምን ዝም አልክ፣ ልጄ?»

መካኒኩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ልጅ የሞተበትን ሰው በምን አፌ ልክሰስ፣ አባባ?»

ሚስቱ ትከሻውን በቡጢ መታችው፤ ከዚያ እዚያው ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ኮሎኔሉ ሰዓቱን ማየት ትቷል። «የአራት ደቂቃው ትእዛዝ የእኔ ነው» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«አውቃለሁ» አለ ሻለቃው። «እንደዚያ ብለው በጽሑፍ ይሰጡኛል፣ ኮሎኔል። ትእዛዙንም አሁኑኑ ይቀይሩታል።»

የፍርድ ቤቱ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ሻለቃው ለሾፌሩ «ቆይ» ብቻ አለው። ካፒቴኑን ከማኮብኮቢያው ወዲያ ካለችው ጉብታ ላይ ቀበሩት፤ አፈሩን አባባና መካኒኩ ጎን ለጎን ቆመው መለሱ። ከታች የሁለተኛው አውሮፕላን ሠራተኞች ከነፍርሃታቸው ተሳፈሩ፤ አዲሱ ትእዛዝ ተነቦላቸው ነበር። የነሱ መካኒክ ቀዮቹን ከፍ አደረገ። ሦስት ለሦስት። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ራስ ላይ ደርሶ ቆመ።

ሻለቃው የሽማግሌውን ክንድ በቀስታ ያዘ። «አባባ፣ እንሂድ።»

«ትንሽ ቆይ፣ ልጄ።»

መድፉ አንዴ ጮኸ፤ አውሮፕላኑ ግን አልተጣደፈም። ከዚያ ጭራው ከፍ አለ። ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ፣ እንደገና ዝቅ። አባባ በጭብጣቸው የቀረውን አፈር መቃብሩ ላይ አራገፉና፣ ማንም ሳይነካቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ወደ መኪናው ቀድመው ወረዱ።