የተነፈሰ ጎማ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ከበሩ ሥር ተነሥተህ ና፤ ነፋስ ይመታሃል። ዛሬ የማወራችሁ ጥድፊያ ስለምትባል ልጅ ነው። የጫማዋን ክር ሳታስር የምትሮጥ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የምትናገር ልጅ ስለሆነች የወጣላት ስም ነው። ወሬውን ከመሐሉ እጀምርላችኋለሁ፤ እሷም ብትሆን ከመጀመሪያው መጀመር አይሆንላትም።

መኪናዋ በእሳተ ገሞራ ተራራ ላይ፣ ጥቁሩ አመድ ውስጥ ሰምጣለች። ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ አመዱ እየተበተነ መስኮቱን ይመታል።

«ኧረ ፍየሌ! ምን ሆንሽብኝ?» አለች አክስቷ መሪውን በመዳፏ እየመታች።

ፍየሌ የምትለው መኪናዋን ነው። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ አንደኛው በሯ በሽቦ የታሰረ አሮጌ መኪና ናት፤ ግን ዳገት ፈርታ አታውቅም። አክስቷ በዚያች መኪና ሰው እየጫነች እስከ እሳተ ገሞራው አፍ ድረስ ትወስዳለች፤ እንጀራዋ ይኸው ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች እትዬ ማርሽ ይሏታል። ስታወራም ስትስቅም ቀኝ እጇ ከማርሹ ላይ አይነሣማ!

ከኋላ ወንበር ላይ ጡረታ የወጡ አንድ ፖስተኛ ከዘራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ተራራ ግርጌ ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ከላይ ሆነው ፀሐይ ስትወጣ አላዩም። ሲሳፈሩ «እኔ እስካሁን የወጣሁት ጡረታ ብቻ ነው፤ ዛሬ ግን ተራራ እወጣለሁ» ብለው ሁሉንም አስቀው ነበር።

አሁን ግን የሚስቅ የለም። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ነጣ ማለት ጀምሯል። ፀሐይን ደግሞ እንደ ሰው «ቆይ ትንሽ» አይሏትም።

ጥድፊያ ገቢና ውስጥ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ፍየሏ ለምን እንደሰመጠች ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ሊዘጋ ሲል የጂኦግራፊ መምህሯ «ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ በዐይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ትነግሩናላችሁ» አለች። ጥድፊያ እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ እጇን አወጣች።

«እኔ እሳተ ገሞራው ላይ እወጣለሁ ቲቸር! ፀሐይ ስትወጣ አያለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። አስም እንዳለባት ሁሉም ያውቃል፤ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ስትወጣ እንኳ ደረቷ ያፏጫል።

«አንቺ?» አለ መስኮቱ ሥር የሚቀመጠው ልጅ። በሩጫ የሚቀድመው ስለሌለ አሯጩ ይሉታል። «አንቺ እኮ ደረጃ ስትወጪ እንደ ትራፊክ ፊሽካ ታፏጫለሽ! የተነፈሰ ጎማ!»

ስሙ ያን ቀን ተለጠፈባት። ኮሪደር ላይ ባለፈች ቁጥር «ፍሽሽሽ» ይሏት ጀመር። እሷም እልህ ያዛትና «በእግሬ ነው የምወጣው! ታያላችሁ!» ብላ አረፈችው። ቋንቋችንን አያችሁልኝ? «ወጣሁ» ያለን ሰው በምን እንደወጣ ማንም አይጠይቀውም። እሷ ግን «በእግሬ» የምትለዋን ጨመረችባት። ሐኪሟ ደግሞ በዚያ አቧራ ዳገት መውጣት አይታሰብም ብሏታል። በመጨረሻ አክስቷ በፍየሏ ልትወስዳት ተስማማች። ጥድፊያ በደስታ እንቅልፍ አጣች፤ ግን መኪና ውስጥ ማንም እንዲያያት አልፈለገችም።

ከተራራው ግርጌ፣ አመዱ ሲጀምር፣ ሾፌር ሁሉ ቆሞ ጎማውን ያስተነፍሳል። የጠነከረ ጎማ አመዱን እየቆፈረ ራሱን ይቀብራል፤ ነፋሱ ቀነስ ያለለት ጎማ ግን እንደ ግመል እግር ሰፋ ብሎ ከላይ ይሄዳል። እትዬ ማርሽ ያን ሥራ ለጥድፊያ ሰጠቻት። ጥድፊያ ምስማር ይዛ ከጎማ ወደ ጎማ እየዞረች ቫልቩን ስትጫን፣ ፍሽሽሽ፣ ሦስቱን ጨረሰች። ለአራተኛው ስታጎነብስ ከእግረኞቹ መንገድ በኩል የባትሪ ብርሃን ብቅ አለ።

«ፍጠን እንጂ! በአንተ እንቅልፍ የተነሣ ሰዉ ሁሉ ጥሎን ሄደ!»

የአሯጩ ድምፅ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በእግሩ ሊወጣ መጥቷል።

ጥድፊያ ምስማሩን ኪሷ ከተተችና ገቢና ውስጥ ዘላ ገባች። አንገቷን ደፍታ በሩን ሳበችው።

«ጨረስሽ?» አለች አክስቷ የፖስተኛውን ጉልበት በብርድ ልብስ እየጠቀለለች።

«ጨረስኩ! እንሂድ!»

ይኸውላችሁ፣ አሁን ሰመጡ።

እትዬ ማርሽ ባትሪዋን ይዛ ወረደች። ጥድፊያም ተከተለቻት። አክስቷ የፊተኞቹን ጎማዎች በጫማዋ ጫፍ መታ መታ አደረገቻቸው፤ ለስላሳ ናቸው። የኋላ ግራውም ደኅና ነው። የኋላ ቀኙን ስትመታው ግን ድው! አለ።

«ይቺማ ትንፋሿን ይዛለች!» አለች አክስቷ። «ቫልቩ አመድ ገብቶበት ይሆናል።»

ማምለጫ በር ተከፈተላት። «አዎ» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጥድፊያ በኪሷ ውስጥ ያለውን ምስማር ጨበጠችው።

«አይደለም አክስቴ» አለች። «እኔ ነኝ። እሷን አላስተነፈስኳትም። የክፍሌ ልጅ መጣና... መኪና ውስጥ እንዳያየኝ ብዬ ሮጥኩ።»

እትዬ ማርሽ የባትሪውን ብርሃን ወደ መሬት አደረገችው።

«ፍየሌ አሳፈረችሽ?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የባሰውም እሱ ነው።

«በይ ምስማርሽን አውጪና አስተንፍሻት» አለች አክስቷ። «እኔ አካፋ ላምጣ። ፀሐይዋ የኛን ጉዳይ አትሰማም።»

ፖስተኛው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «እኔስ ምን ልሥራ ልጄ?»

«እርስዎ አይዞሽ ይበሏት፣ አባባ!»

«አይዞሽ የኔ ፍየል! በርቺ! ከዚህ የባሰ ጭቃ ውስጥ ብስክሌት ተሸክሜ ዐውቃለሁ!»

ጥድፊያ ተንበርክካ ቫልቩን ተጫነችው። ፍሽሽሽ! ኮሪደር ላይ ሲሏት እንባ የሚያመጣባት ድምፅ፣ አሁን ከዘፈን በለጠላት። ጎማው ቀስ እያለ ሰፋ፣ ተንጣለለ፣ አመዱ ላይ ተኛ። እትዬ ማርሽ አመዱን ከፊቱ ዛቀችና ዘላ ገብታ መሪውን ያዘች። ሞተሩ አንዴ አጓራ፣ መኪናዋ ወደ ፊት ነወጥ አለች፤ ከዚያ እንደ ጀልባ እየዋለለች ወጣች!

«እልልል!» አሉ ፖስተኛው፤ ሽማግሌ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚያ ወዲያ ልብ የሚያቆም መንገድ ነበር። ፍየሏ በአመዱ ኮረብታ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ ሁሉም ከመቀመጫው እየተነሣ ጣራ ይነካል። ጥድፊያ በአንድ እጇ እጀታውን፣ በሌላው የአስም መድኃኒቷን ይዛ ትጮኻለች፣ ትስቃለች። «ወደ ግራ አክስቴ! ቋጥኝ! ቋጥኝ!» «አየሁት አንቺ፣ ሾፌሩ ማነው?» ትላለች እትዬ ማርሽ። ማርሹ ይንቋቋል፣ የፖስተኛው ቆብ አንዴ ጥድፊያ ራስ ላይ፣ አንዴ ወለሉ ላይ ያርፋል።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ እትዬ ማርሽ ጭሱ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲሄድ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። ጥድፊያ አፍንጫዋን በእርጥብ ሻሽ ሸፍና ወረደች። የተጫረ ክብሪት የመሰለ ሽታ አለ። ከጫማዋ ሥር መሬቱ ዝም ብሎ ይርገበገባል፣ አንድ ትልቅ ነገር ከታች ተኝቶ የሚያንኮራፋ ይመስል። ከጉድጓዱ ውስጥ ቀይ ብርሃን እየበራ ይጠፋል።

እና ፀሐይዋ ወጣች!

መጀመሪያ እንደ ጥፍር ቁራጭ፣ ከዚያ እንደ ብርቱካን ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉዋን። ጭሱ ከነጭ ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ወርቅ ተለወጠ። ዞር ስትል ደግሞ የተራራው ጥላ እንደ ድንኳን ሾጥጦ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ሌላኛው አድማስ ላይ ተዘርግቷል።

«ኧረ አክስቴ! ኧረ እይው! ጥላው!» ጥድፊያ ባለችበት ዘለለች። የእናቷን ስልክ አውጥታ ፎቶ ላይ ፎቶ አነሣች። ፖስተኛው ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል። «አደረሰኝ» ብቻ ነው ያሉት።

ሻይ ከፔርሙዝ ቀድተው ዳቦ ሲበሉ፣ ከጉድጓዱ የወጣ ጉም ሰማዩን ሁሉ ሸፈነው። ፀሐይዋ ጠፋች፣ ጥላውም ጠፋ። በእግረኞቹ መንገድ አንድ ልጅ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አመድ ለብሶ ብቅ አለ። አሯጩ ነው። ወንድሙ የተገነጠለ የጫማ ሶሉን በገመድ አስሮ ከሩቅ ይከተለዋል።

«ጥድፊያ? አንቺ ነሽ?» ቀጥሎ ፍየሏን አያት። «አሃ!»

ጥድፊያ «ፍሽሽሽ» እስኪላት ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ምሥራቅ ዞረ። «ፀሐይዋስ?»

«ወጣች እኮ። ቆየች።»

አሯጩ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን የሚያራግፍ መሰለ። ጥድፊያ ሻዩን ሰጠችው። ጠጥቶ ሲጨርስ ጠጋ አላት።

«ስሚ፣ ፀሐይዋ እንዴት እንደወጣች ንገሪኝ፤ አየሁ እላለሁ። አንቺ ደግሞ በእግርሽ ወጥተሻል፤ አብረን ነበርን፣ እኔ ምስክር ነኝ። ከዚያ በኋላ ‹የተነፈሰ ጎማ› የሚል ካለ ከኔ ጋር ነው ጸቡ። አሪፍ አይደል? ለሁለታችንም ሼም የለበትም።»

አሪፍ ነበር። ኮሪደሩ ጸጥ ሲል ታያት።

«ላስብበት» አለች። ጥድፊያ «ላስብበት» ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ግርጌው ሲደርሱ እትዬ ማርሽ ጎማዎቹን መልሳ ለመሙላት ፖምፓዋን አወጣች። እየነፋች፣ ላቧ በአመዱ ላይ እየወረደ፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦ «ፍየሌ ያለችበትን አንዷን ፎቶ ላኪልኝ እሺ? ስንት ዓመት ስንመላለስ አንድ የላትም።»

ጥድፊያ ስልኩን ከፍታ ፈለገች። ፀሐይዋ አለች። ጭሱ አለ። ጥላው አለ። ፖስተኛው ቆባቸውን ይዘው አሉ። ፍየሏ ግን የትም የለችም፤ ጥድፊያ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስልኩን ዘወር አድርጋ አስቀርታታለች። አክስቷም አብራ ቀርታለች።

ስልኩን ኪሷ ከተተች። ከዚያ መልሳ አወጣችው። «አክስቴ፣ ቀና በይ» አለች። እትዬ ማርሽ አመድ የጠገበ ፊቷን አነሣች፣ አንድ እጇን ከጎማው በላይ ባለው የፍየሏ ፓራፋንጎ ላይ ጣል አድርጋ ጥርሷን አሳየች።

ትምህርት ሲከፈት መምህሯ ገና ከመቀመጧ «እሳተ ገሞራው ላይ የምትወጣዋ የት አለች?» አለች። ከኋላ አንዱ «ፍሽሽሽ» አለ። አሯጩ ዞሮ «ዝም በል አቦ!» አለውና ለጥድፊያ ዐይኑን ጠቀሰላት።

ጥድፊያ ተነሣች። አየር ሳበች፣ ቀስ ብላም ተነፈሰች።

«ወጥቻለሁ» አለች። «በፍየል።»

ክፍሉ ተናጋ። «በፍየል? ጀርባዋ ላይ ተቀምጠሽ?»

«አራት ጎማ ያላት ፍየል ናት። የአክስቴ መኪና። እኔ አንዱን ጎማ ሳላስተነፍስ ቀርቼ አመድ ውስጥ ቀረቀርኳት። እዚያ ያልተነፈሰ ጎማ አይወጣም።» ከዚያ ስለ ቀዩ ብርሃን፣ ስለሚርገበገበው መሬት፣ ስለ ጥላው ነገረቻቸው። ስልኩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ዞረ፤ የእትዬ ማርሽ ጥርስም አብሮ ዞረ። ልትቀመጥ ስትል «አሯጩ ደግሞ ከታች ጀምሮ በእግሩ ነው የወጣው፤ አይቼዋለሁ» አለችና ተቀመጠች። ስለ ፀሐይዋ ምንም አልጨመረችም።

አሯጩ ተነሣ። አንገቱን አከከ። ጥድፊያን አያት፤ እሷ ዴስኳን ታያለች።

«በእግሬ ወጣሁ ቲቸር» አለ። «ፀሐይዋ ግን... ቀድማኝ ወጣች።»

በሩጫ ተቀድሞ የማያውቀው ልጅ እንዲህ ሲል መምህሯ ራሷ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «ፍየሏ ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ይኖራል?»

«ጎማ ማስተንፈስ ትችላለህ?»

«ታሳይኛለሽ።»

ጥድፊያ እጇን ኪሷ ከተተችና ያን ምስማር አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ይኸው ነው ልጆቼ። መሽቷል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። ብቻ አንድ ቀን እናንተም አመድ ውስጥ ስትሰምጡ፣ ያቺን አራተኛዋን ጎማ አስታውሱልኝ። አደራ።