የዶለዶመው ጠርዝ

ሟቹ በመስታወት ሥራ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ አንድ እጁን ወደ እቶኑ እንደዘረጋ ተገኘ። አንገቱ ሥር የተሰካው የመስታወት ስባሪ አልተነቀለም። የእቶኑ ክዳን ተከፍቷል፤ ውስጡ ለአንድ አዳራሽ መስኮት የታሰበ ሰፊ ሰማያዊ መስታወት ተሰባብሮ ተኝቷል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰውታል። ሰውዬው ቸኮለ፣ እቶኑን በትኩሱ ከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር ገባ፣ መስታወቱ ፈነዳ፣ ስባሪው አንገቱን አገኘው። ከሰዓት በኋላ ይቀበር፤ ነገሩ አደጋ ነው።

ኢንስፔክተሯ እንዲህ በቶሎ የተቋጨ ነገር አይዋጥላትም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቅጥነቷን አይተው ያወጡት ስም ቢሆንም፣ የያዘችውን ነገር ሳትበሳ እንደማትለቅ ካወቁ ወዲህ ግን በአክብሮት ነው የሚጠሩበት። አስከሬኑን ዞራ አየችው። ስባሪው ተነቅሎ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲቀመጥላትም ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃን አገላበጠችው። እንደ ጩቤ የሾለ፣ ረዘም ያለ ሰማያዊ መስታወት ነው። ጫፉ ምላጭ ነው። መያዣው በኩል ያለው ጠርዝ ግን ዶልዱሟል፤ በአውራ ጣቷ ብታሻሸው አልቆረጣትም። ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

የሟቹ ሚስት በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ጎረቤቶች ሊያባብሏት ሲጠጉ በዓይኗ ትመልሳቸዋለች።

«አልቅሺ ይሉኛል» አለች ለኢንስፔክተሯ። «እንባዬን በከንቱ አላባክንም። የገደለው ሰው ሲሰቀል ያኔ አለቅሳለሁ። ባሌ እቶን በትኩሱ የሚከፍት ጅል አልነበረም፤ ወንድሙ ነው የገደለው። ትናንት እዚሁ ቆሞ፣ ቤቱን ካልሸጥን እንተያያለን ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እትዬ፣ ሰው በንዴት ብዙ ይላል።»

«ሰው በንዴት ብዙ ያደርጋልም። አንቺ ብቻ አጣሪልኝ፤ ገመዱን እኔ ራሴ እገዛለሁ።»

ኢንስፔክተሯ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ ቂሟን እንዲህ እንደ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠች ግን አላየችም። ፖሊሶቹ አደጋ ነው ቢሉም፣ በሴትዮዋ ቃል ብቻ ወንድምየው እጁ በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የአንድ ሰው አንገት በአንዲት ሴት ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ወንድምየው የቤቱን ሥራ እየዞረ የሚሸጥ፣ ከእግሩ ይልቅ አፉ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ዛሬ ግን ያ ሁሉ አንደበት ከድቶታል። ቤቱ ይሸጥ ማለቱን አልካደም፤ እንተያያለን ማለቱንም አልካደም።

«እንተያያለን ማለት እገድልሃለሁ ማለት ነው እንዴ? እኔ እኮ መስታወት ሳየው ራሱ የሚቆርጠኝ ሰው ነኝ። ይኸው እጄን እዪው፣ አንድ ጠባሳ የለበትም። በዚህ ቤት ውስጥ ጠባሳ የሌለበት እጅ የኔ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነበር። ኢንስፔክተሯ እጁን አይታ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

በቤቱ ከሟቹ ቤተሰብ ሌላ የምትሠራው አንዲት ቆራጭ ናት። መስታወቱን ለክታ የምትቆርጥ፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ ሁሉም «ጭምቷ» የሚሏት ሴት። የቤቱ ቁልፍ ከባልና ሚስቱ ሌላ በእሷ እጅ ብቻ አለ። ጠዋት ስትገባ ጋሼን ሞተው እንዳገኘቻቸውና እትዬን ከመኖሪያ ቤት ጮኻ እንደጠራች ተናገረች። በእሷም አስተያየት አየር ነው የገደላቸው፤ ጋሼ ሰሞኑን ችኩል ሆነው ነበር። ይህን ስትናገር ጠረጴዛዋ ላይ የወደቀች ቁራጭ አነሳች፣ ማለስለሻ ድንጋይዋን ስባ ጠርዟን እሽት እሽት አደረገቻትና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻት።

«ለመጣል ነው የምታለሰልሽው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ቆሻሻውን የሚያነሳው ሰውም እጅ አለው።»

መልሱ ኢንስፔክተሯን ደስ አላት፤ ደስ ባላት መጠንም ቅር አላት። ዓይኗን ከጭምቷ እጅ አንስታ ወደ መስኮቱ ደፍ ላከችው። እዚያ ከመሣሪያዎቹ ኋላ ቀይና ነጭ የተጋጠመበት የድሮ ስባሪ ተቀምጧል። አንስታ ስታየው ጭምቷ ድንጋይዋን አስቀመጠች።

«ይሄስ?»

«ወድቆ ያገኘሁት ነው። ቀለሙ ያምራል።»

ስንጥቁ ግን ቀዩና ነጩ የተገናኙበትን መስመር ተከትሎ የሄደ ነበር፤ የፀጉር ያህል እንኳ ወደ ሌላ አልሳተም።

ኢንስፔክተሯ ስለ መስታወት የምታውቀው በመስኮት መኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ስባሪውን ይዛ ወደሚያውቅ ሰው ሄደች። የሟቹ ሚስት የእጅ ሕመም እስኪይዛት ድረስ ከባሏ ጋር እቶኑን ስታዝ የኖረች ናት። ተነስታ መጣችና እቶኑ ላይ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ ንግግሯ ቁጥብ ነበር፤ ሥራው ሲነሳ ግን ምላሷ ተፈታ። ቶሎ ቶሎ ካሞቁት አየር ታምቆ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ሳይጸዳ ከገባ ፊቱ ላይ ጭጋግ እንደሚለብስ፣ ከሥሩ የሚቀባው ነጭ ዱቄት ከሳሳ ከመደርደሪያው ጋር እንደሚጣበቅ፣ በዝግታ ካልበረደ ደግሞ ጤነኛ መስሎ ወጥቶ ኋላ እንደሚሰነጠቅ አስረዳች። መስታወት ጉዳቱን ይናገራል፤ የሚያዳምጠው ካለ። ከዚያ አንዱን ሰማያዊ ስባሪ አነሳችና ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ክዳኑ ሲከፈት አይደለም የተሰበረው» አለች ቀስ ብላ። «ሲሞቅ ነው የተሰበረው። ጠርዙን ዳብሺው፤ ድቡልቡል ነው። ገና ሲሞቅ ከተሰበረ እሳቱ ሲበረታ ጠርዙ ራሱ ይቀልጥና ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ ወይም አየር ሲመታው የተሰበረ ቢሆን ኖሮ ጣትሽን ይወስደው ነበር።»

«ታዲያ ጠዋት ክዳኑ ሲከፈት የፈነዳ ነገር የለም ማለት ነው።»

«የለም። ተሰብሮ አድሯል።» ዱካዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ደስታ የሚመስል ነገር ዓይኗ ውስጥ ገባ። «አላልኩሽም? ተገድሏል።»

ኢንስፔክተሯ ቀይና ነጩን ስባሪ አውጥታ እንደ ዋዛ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ይሄስ ምን ይናገራል?»

ሴትዮዋ ስባሪውን እንደ ፍም ለቀቀችው። ጭኗ ላይ ወደቀ። «ያልተስማሙ ናቸው» አለች ሌላ ቦታ እያየች። «ሁለት የተለያየ ፋብሪካ መስታወት ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ ግን አንዱ ከሌላው በላይ ይሸመቀቃል። ሲጓተቱ ኖረው ከወራት በኋላ በመጋጠሚያቸው ይለያያሉ። አሁን ስለ ባሌ ነው የምናወራው ወይስ ስለ አሮጌ ስባሪ?»

ስለ አሮጌው ስባሪ የተናገረው ወንድምየው ነው። ከዓመታት በፊት ይህ ቤት ለአንድ አዳራሽ ጣሪያ ቀይና ነጭ መስታወት ሠርቶ ነበር። ተሰንጥቋል ተብሎ የሰቀለው ወጣት ሠራተኛ ሊያየው ሲወጣ ተገምሶ ወረደበትና ገደለው። ፍርድ ቤት ሲጠየቁ ወንድሙ፣ ማለትም ሟቹ፣ መስታወቱ ጤነኛ እንደነበር፣ ጥፋቱ የአሰቃቀሉ እንደሆነ መሰከረ። ሬሳ አይከራከርምና ፍርዱ በዚያው ጸና፤ የልጁም ስም በራሱ ጥፋት እንደሞተ ሰው ተነሳ። ኢንስፔክተሯ ያንን ጉዳይ ወደያዘው ጣቢያ ደወለች፤ የምትፈልገውንም አንድ ቃል አገኘች።

ከቀብሩ በፊት ሁሉንም እቶኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየው ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድምየው ካቴናው እንዳለ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጭምቷ እጆቿን በሽርጧ ሸፍና ቆሙ። ኢንስፔክተሯ ሰማያዊዎቹን ስባሪዎች ጠረጴዛ ላይ እንደ ልጆች መጫወቻ አጋጠመቻቸው። ሞሉ። አንዲት የጥፍር ያህል ቦታ እንኳ አልጎደለም።

«የገደለው ስባሪ ከዚህ የወጣ ቢሆን ኖሮ እዚህ ክፍተት ይኖር ነበር» አለች። «የለም። ጠርዞቹም ድቡልቡል ናቸው፤ እትዬ እንደነገሩኝ ሲሞቅ የተሰበረ ነው። ስለዚህ ፍንዳታ አልነበረም፤ ፍንዳታ እንዲመስል ክዳኑን የከፈተ ሰው ነው ያለው። ይህ ሰው እቶኑን በቅጡ አያውቅም፤ ቢያውቅ ጠርዙን አይቶ ፍንዳታ እንደማይመስልለት ይረዳ ነበር። እትዬ ያውቃሉ፤ አይተው ራሳቸው ነገሩኝ። ስለዚህ እሳቸው አይደሉም።»

ሚስትየው ወደ ወንድምየው በጥላቻ ዞረች። እሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ቆዩ እትዬ።» ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ጩቤ መሳዩን ስባሪ አወጣች። «ይህን እዩት። ሰው በንዴት መስታወት ሰብሮ ሲወጋ እንዲህ ቀጥ ያለ ነገር አይወጣውም። ይህ በመቁረጫ ተጭሮ፣ በመስመር የተቆረጠ ነው። መያዣው በኩል ደግሞ በማለስለሻ ድንጋይ ዶልዱሟል። ሰው ለመግደል የተሠራ ነገር፣ የያዘውን እጅ እንዳይቆርጥ ተደርጎ ተሠራ። መስታወት የሚፈራ ሰው ይህን አያስበውም፤ የሚሸጥም አያስበውም። እጁ ለምዶ ሳያስብ የሚያደርገው ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ለቆሻሻ የምትጥለውን ቁራጭ ሳታለሰልስ ያልጣለች አንዲት ሴት አለች።»

ወንድምየው ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

«በጣሪያው መስታወት የሞተው ልጅ አንዲት እህት ነበረችው» ቀጠለች ኢንስፔክተሯ። «ስሟን ጠየቅኩ፤ ያንቺ ስም ነው።»

ጭምቷ አልካደችም። እጆቿን ከሽርጧ አወጣች፤ ጠባሳ ብቻ ነበሩ።

«እኔ ነኝ ያሳደግኩት» አለች። «ገድለውት ሲያበቁ ስሙንም ገደሉት። ስባሪውን ከወደቀበት አንስቼ ሌላ ከተማ ላለ ባለሙያ አሳየሁት፤ ያልተስማሙ መስታወቶች ናቸው አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን ተምሬ እዚህ የገባሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እትዬ። ዛሬ ጠዋት ጋሼን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ቀዩን ማን ነው የቀላቀለው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ማንነቴን ያኔ የተረዱ ይመስለኛል። እኔ ነኝ አሉ። ሌላ ሰው ነው ቢሉኝ እጄ ይመለስ ነበር። አላሉም። ከዚያ የእቶኑን መስታወት ልሰብር ስከፍት ተሰብሮ አገኘሁትና እግዜር የረዳኝ መሰለኝ።»

ሚስትየው ተነስታ ነበር። ሁሉም ዘላ የምታንቃት መስሏቸው ፖሊሱ መሃል ገባ። ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

«እኔ ነኝ ነው ያለሽ?»

«አዎ።»

«ዋሽቶሻል» አለች ሴትዮዋ። «እሱ አይደለም። ቀዩ ጎድሎብኝ ነበር፣ ቀኑ ደርሶብኝ ነበር፣ የተረፈ የሌላ ፋብሪካ ቀይ አግኝቼ አስገባሁት። ማን ያየዋል ብዬ። እሱ ያወቀው ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። እንድናገር ለመነኝ፤ እምቢ አልኩት። ስለዚህ ችሎት ፊት ዋሸልኝ። አንቺ ፊት ደግሞ…»

ቃሉን አልጨረሰችውም። ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ልትወድቅ ስትል ወንድምየው በታሰሩት እጆቹ ከኋላ ደገፋት። ጠዋት ሙሉ ገመድ ስትመኝለት የዋለችው ሰው ነው፤ ግን ያዛት። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ያ ሁሉ ሲጠበቅ የነበረ እንባ በአንዴ መጣ፤ በማን ላይ እንደምትጮህ ግን አታውቅም ነበር።

ጭምቷ ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። ጋሼ የተኙበትን የወለሉን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ፖሊሱ ክንዷን ሲይዛት አልታገለችም፤ እትዬ ፊት ሲደርሱ ግን ቆመች። ኢንስፔክተሯ ልትከለክላት እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

«እኔ ከእንግዲህ እርስዎን አልነካም እትዬ» አለች በዚያ በለመዱት ለስላሳ ድምፅ። «ዕድሜ ይስጥዎት። ረጅም ዕድሜ።»

እና አንገቷን እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ እጅ ነስታ ወጣች።